አሥራ ስድስት ቁልፍና አምስት ድምፅ፦ የአንድ ትንሽ ሲንተሳይዘር የሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 2

እጅ ላይ የምትያዝ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ የምትፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ልሠራ ነው። አሥር ቁልፍ ለዜማ፣ አራት ለከበሮና ለጭብጨባ፣ አንድ ለቅኝት መቀየሪያ፣ አንድ ደግሞ ምት ለመቅረጽና ለማስጀመር፤ በድምሩ አሥራ ስድስት። አሥር የዜማ ቁልፍ የሚያንሰው ፒያኖ ለለመደ ሰው ነው። የእኛ ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ስለሆኑ አሥር ቁልፍ ሁለት ሙሉ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ይሸፍናል። ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ ሳይታሰብ የሚነካበት መንገድም የለም።

ለምን ተገዝቶ አይገላገልም ለሚለኝ ሰው ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ አብዛኞቹ ትንንሽ የምት ማሽኖች ልኬቱን በ16 እርምጃ፣ ማለትም አራት ጊዜ በአራት፣ ይከፍሉታል። ችክችካ የሚሄደው በሦስት በሦስት ነው። እንደ ኮርግ ቮልካ ቢትስ ያሉት እርምጃዎችን እያጠፉ 16ቱን 12 ማድረግ ያስችላሉ፤ ቢሆንም ማሽኑ በሌላ አስቦ የተሠራ መሆኑ በየቁልፉ ያስታውቃል። ሁለተኛው፣ ኦክታቩን በአሥራ ሁለት እኩል ግማሽ ድምፆች ቆርጠው ያቀርባሉ። ለዓረብ ገበያ የሚሠሩ ኪቦርዶች ድምፆቹን አንድ በአንድ ለማስተካከል የሚያስችል መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ትንሽ ከሚባለው ነገር ጋር አይገናኝም።

ቦርዱ አርዱይኖ ናኖ ነው፤ ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ቺፑ ኤቲሜጋ 328ፒ ይባላል፤ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፣ 2 ኪሎባይት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታና 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታ አለው። ከዚህ እጅግ የበረታ ቺፕ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል፤ ይኼኛው ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነበረ፣ ጥበቱም ደስ ይለኛል።

ታኅሣሥ 5

ድምፅ ወጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልጻፍ፣ ቀሪው ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና።

ናኖ የድምፅ መውጫ የለውም። እግሮቹ የሚያውቁት 0 ቮልት ወይም 5 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን እግር በሰከንድ 62,500 ጊዜ (16 ሚሊዮን ለ256 ሲካፈል) ማብራትና ማጥፋት ነው፤ የሚበራበትን ጊዜ ስናረዝምና ስናሳጥር አማካዩ ቮልት ከፍና ዝቅ ይላል። ፍጥነቱ ለጆሮ የማይሰማ ስለሆነ የሚቀረው አማካዩ ነው። እሱንም አንድ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ 22 ናኖፋራድ ካፓሲተር ያለሰልሱታል፤ ሁለቱ ከ7,200 ኸርዝ (በሰከንድ 7,200 ንዝረት) ግድም በላይ ያለውን ማዳከም ይጀምራሉ።

በዚህ መንገድ በሰከንድ 16,000 ጊዜ አዲስ የድምፅ ናሙና እልካለሁ። በሁለት ናሙናዎች መካከል ቺፑ የሚያገኘው 1,000 ምት ብቻ ነው፤ ዜማውም፣ ከበሮውም፣ የድምፁ መክሰምም በዚያ ውስጥ ተሰልቶ ማለቅ አለበት።

የድምፁ ቅጥነት የሚወሰንበት ዘዴ ውብ ነው። ከ0 እስከ 65,535 የሚቆጥር አንድ ቆጣሪ አለ። በየናሙናው አንድ ቁጥር ይደመርበታል፤ ሞልቶ ሲፈስ አንድ ሞገድ ተጠናቀቀ ማለት ነው። የሚደመረው ቁጥር ትልቅ ከሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ቀመሩም ድግግሞሹን በ4.096 ማባዛት ነው፤ 440 ኸርዝ የሆነው ላ 1,802 ይሆናል። ለወፍራሞቹ ድምፆች ማጠጋጋቱ ስለሚጎላ ቆጣሪውን ወደ 32 ቢት አሳደግሁት። ከዚያ በኋላ በተግባር የማይደረስበት የድምፅ ከፍታ የለም። ቺፑ ውስጥ ዶም ሬም የለም፤ ነጭ ቁልፍና ጥቁር ቁልፍ የለም። የሚደመር ቁጥር ብቻ አለ።

ታኅሣሥ 9

አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ማካፈል ለዚህ ቺፕ ከባድ ሥራ ነው፤ የማካፈያ አካል ስለሌለው በረጅም መንገድ ነው የሚያሰላው። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ ማካፈል የሚባል የለም። ቢቶችን ወደ ቀኝ መግፋት በሁለት፣ በአራት፣ በስምንት ከማካፈል እኩል ነው፣ ያውም በጥቂት ምት ያልቃል።

ኦሲሎስኮፕ (ሞገድን ስሎ የሚያሳይ መለኪያ) የለኝም፤ ጊዜው መብቃት አለመብቃቱን የማየው በቦርዱ ላይ ባለችው መብራት ነው። ስሌቱ ሲጀመር አበራታለሁ፣ ሲያልቅ አጠፋታለሁ። ይህ በሰከንድ 16,000 ጊዜ ስለሚሆን ዓይን የሚያየው የብርሃኑን መጠን ብቻ ነው፤ በደመቀች ቁጥር ቺፑ ተጨናንቋል። ቁጥር የፈለገ ደግሞ ቴስተሩን በዚያ እግር ላይ ያሳርፍ። ከ5 ቮልቱ 2.9 ካነበበ 58 በመቶው ጊዜ ተይዟል ማለት ነው፣ የእኔም ዛሬ እዚያ አካባቢ ነው። ከበሮዎቹ ገና ስላልመጡ መጠንቀቅ አለብኝ።

ታኅሣሥ 14

ቁልፎቹን በአራት ረድፍና በአራት ዓምድ አገናኘሁ፤ አሥራ ስድስቱን በስምንት እግር ብቻ ማንበብ ይቻላል። የዚህ ዓይነት አሠራር የታወቀ ጣጣው አንድ ነው። የአራት ማዕዘን ሦስት ጥጎች ላይ ያሉ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ፣ ኤሌክትሪኩ በኋላ በር ዞሮ አራተኛው ያልተነካው ቁልፍ የተጫነ ይመስላል። ለኮምፒውተር ጽሑፍ ይህ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ ሁለት ድምፅ ይዞ ከበሮ ለሚመታ ሰው ግን ያልተጠራ እንግዳ ነው። በየቁልፉ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ ተበይዶ ነገሩ አበቃ። ብየዳው ምሽቱን በላው፤ መካከል ላይ መብራት ሄዶ መበየጃው እጄ ላይ ቀዘቀዘ፤ ሌላ የሚነገር የለም።

ታኅሣሥ 21

ዛሬ ቅኝቶቹን አስገባሁ። መነሻው ዶ 261.63 ኸርዝ ነው።

ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ትዝታ ማይነር ሚንና ላን ቤሞል ያደርጋል፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ። አምስት ሰንጠረዥ፣ በእያንዳንዱ አምስት ቁጥር፤ ለሁለተኛው ኦክታቭ እጥፍ ማድረግ ብቻ ነው። አምስቱም ቅኝቶች ሃያ አምስት ቁጥር ሆነው ተቀመጡ፤ ሲያዩት ያሳፍራል።

የሳይን ሞገድ ሁሉንም ይቅር ይላል። ንጹሕ ስለሆነ፣ ሁለት ድምፅ ትንሽ ባይስማማም ጆሮ አይቆጣም። ወደ መጋዝ ጥርስ ሞገድ ስቀይረው ግን ዶና ሚ አብረው ሲያዙ የሚንቀጠቀጥ ነገር ተሰማ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ከመነሻው በላይ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያለ የሚወጣ የድምፅ ቤተሰብ ይዞ ይመጣል። የዶ አምስተኛ እጥፍ 1,308 ኸርዝ፣ የሚ አራተኛ እጥፍ 1,318.5 ኸርዝ ነው። ልዩነታቸው በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ሚን ከ329.63 ወደ 327.03 ሳወርደው፣ ማለትም ልክ የዶ አንድ ከሩብ ሳደርገው፣ መርገብገቡ ጸጥ አለ። ኪቦርድ ላይ ይህን ያህል ዓመት የሰማሁት ሚ በ14 ሴንት ከፍ ያለ ነው። (አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው።) ሶል በአንጻሩ ከንጹሑ የሚለየው በ2 ሴንት ብቻ ስለሆነ ማንንም አያስቸግርም።

ሌላም ነገር አለ። በሰከንድ 16,000 ናሙና የሚልክ መሣሪያ ከ8,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ መወከል አይችልም፤ የተረፈው ተገልብጦ ወደ ታች ይመለስና ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ብረት ብረት የሚል ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ የመጋዝ ጥርሱን እስከ ስምንተኛው እጥፍ ብቻ አድርጌ በ256 ነጥብ ሰንጠረዥ ሠራሁት። የባቲ የላይኛው ሲ 988 ኸርዝ ነው፤ በስምንት ሲባዛ 7,904። በጠባብ በር ሳይነካ አለፈ።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ለገና ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። አጎቴ ክራሩን ይዞ መጣ። ድሮ በሠርግ ቤት ይጫወት ነበር፤ አሁን ለራሱ ብቻ ነው የሚነካው። ሳጥን የሌላትን ሲንተሳይዘር ከነሽቦዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንቺ ሆዬን ከታች ወደ ላይ ተጫወትሁለት።

«ጋሼ፣ አንቺ ሆዬ ትመስላለች?»

«መምሰሉንስ ትመስላለች።»

ዝም ብሎ ክራሩን መቃኘት ጀመረ። መነሻውን ከማሽኔ አልወሰደም፤ በጉሮሮው አንጎራጉሮ ለድምፁ የሚመቸውን ያዘ፣ የቀሩትን ከዚያ ተነሥቶ አንድ በአንድ ቃኛቸው። እኔም ስልኬ ላይ ባለ መቃኛ እየተከተልሁ ጻፍሁ። በዚህ ክራር፣ በዚያ ምሽት፣ ሁለተኛዋ ድምፅ ከሬ ቤሞል ዝቅ ያለች፣ አራተኛዋ ደግሞ ከሶል ቤሞል በ20 ሴንት ያህል ከፍ ያለች ነበረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፦

«አራተኛዋ ላልታለች። አጥብቃት።»

«እኔ እኮ ቁጥር እንጂ ክር የለኝም።»

«እንግዲያው ቁጥሩን አጥብቀዋ!»

20 ሴንት ማጥበቅ በ1.0116 ማባዛት ነው። 369.99 የነበረው ሶል ቤሞል 374.29 ሆነ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ ቁጥሩን ቀይሬ፣ ፕሮግራሙን ወደ ቦርዱ እስክልክ ቡና ሁለተኛው ደረሰ። ደግሜ ስጫወትለት አስተያየት አልሰጠም፤ ክራሩን አንሥቶ አብሮ ገባ። ከዚህ የተሻለ ፈተና ማለፊያ አላውቅም።

ከሄደ በኋላ ያሰብሁት ይህ ነው። ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለእኛ ዜማ ይደርቃል የሚለውን ወቀሳ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ድርቀቱ ያለው ግን በኤሌክትሮኒክሱ ውስጥ አይደለም። ፋብሪካው ሰንጠረዡን ሞልቶ ክዳኑን ገጥሞ ስለሸጠው ነው። ፒያኖ ቢሆን ክሩን የሚነካ ቃኚ ሊጠራ ይችላል። ኪቦርዱን ግን ሳንነካው ጆሯችንን ለእሱ ቃኘን።

ጥር 5

ከበሮ ላይ ነኝ። መጀመሪያ የሠራሁት የታወቀውን የምት ማሽን ድምፅ ነው፦ ከ150 ኸርዝ ተነሥቶ ወደ 50 የሚወርድ ሳይን፣ አብሮ የሚከስም ኃይል። ለጭብጨባ ዝብርቅርቅ ድምፅ ያስፈልጋል። የማገኘው ከአንድ 16 ቢት ቁጥር ነው፤ በየናሙናው ቢቶቹ ይገፉና የተወሰኑት ተደባልቀው ይመለሱበታል፣ ተመልሶ ራሱን ለመድገም 65,535 ናሙና፣ ማለትም ከአራት ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ጆሮ ድግግሞሹን አያውቀውም።

አንድ የዝብርቅርቅ ድምፅ ቁራጭ ብቻውን ጭብጨባ አይሆንም፤ የሚሰማው ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1983 የተመረተው የሮላንድ ቲአር 808 መፍትሔው እስካሁን አላረጀም፦ በአሥር ሚሊሰከንድ ግድም ልዩነት ሦስት አጫጭር ፍንዳታ፣ ከዚያ ረዘም ብሎ የሚከስም ጅራት። ብዙ ሰው ሲያጨበጭብ እጆች እኩል አይገጥሙም፤ ያ አለመግጠም ነው ድምፁን ሕዝብ የሚያደርገው። እኔ አምስት ፍንዳታ አደረግሁ፣ ክፍተቶቹንም በየጊዜው ትንሽ አዛባኋቸው። የሠርግ ቤት ጭብጨባ በሦስት ሰው አይደምቅም።

የምት ማሽንና ሲንተሳይዘር ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የትናንት እንግዶች አይደሉም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ ለብቻው በቀረጸው ሥራ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሙግ ሲንተሳይዘር ጋር አጣምሯል። እዚያ ሥራ ላይ ማሽኑ አኮርዲዮኑን ተከትሎ ይሄዳል። በኋላ በካሴቱ ዘመን አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድ ቦታ ሲይዝ ግን ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ነው ማሽኑን የተከተለው።

የሠራሁት ከበሮ ጥሩ የዳንስ ቤት ከበሮ ነው። ከበሮ ግን አይደለም።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ከታቦቱ ኋላ እየሄድሁ ስልኬን ደብቄ ከበሮ ቀረጽሁ፤ ከመዝሙሩና ከእልልታው መካከል ብቻውን የተመታ ከበሮ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ማምሻውን ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከፍቼ ጥሩዎቹን ምቶች አጉልቼ አየኋቸው።

ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊውና ጠባቡ። ሰፊው ፊት ሲመታ ድምፁ ከፍ ብሎ ተነሥቶ ይወርዳል፤ ይህን አስቀድሜ ሠርቼዋለሁ። የጎደለኝ ከመነሻው በላይ ያለው ነበር። የክር መሣሪያ እጥፎቹ ሙሉ ቁጥር ናቸው፤ ክብ ቆዳ ግን እንደዚያ አይንቀጠቀጥም። በስሌት የሚታወቀው የክብ ስስ ቆዳ ቤተሰብ 1.59፣ 2.14፣ 2.30 እያለ የሚሄድ ነው። እነዚህ ከመነሻው ጋር ዜማ አይፈጥሩም፤ ለዚህ ነው ከበሮ ድምፅ እያለው ዶ ነው ሬ ነው የማይባለው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊት ሁለተኛ ሞገድ ጨመርሁ፣ ከመጀመሪያው 1.59 እጥፍ የሆነ፣ ቶሎ የሚሞት። ሰፊው ፊት ከ130 ወደ 75 ኸርዝ ይወርዳል። ጠባቡ ከ320 ወደ 260 ይወርዳል፣ መነሻው ላይ ስምንት ሚሊሰከንድ ዝብርቅርቅ ድምፅ ተቀብቶበታል፤ እሱ የመዳፉ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ቆዳ ሆነ። ሦስተኛ ሞገድ ብጨምር የበለጠ ያምር ነበር፤ መብራቷን አየሁ፣ ደምቃለች፣ ተውሁት።

በትንሿ ስፒከር ስሰማው ግን ሰፊው ፊት ጠፋ። አምስት ሴንቲሜትር የማትሞላ ስፒከር 75 ኸርዝ ልታሰማ አትችልም። ማጉያውን መጨመር አያድንም፤ ስፒከሯን ማቃጠል ብቻ ነው። የሚያድነው ጆሮን ማታለል ነው። የሳይኑን የላይኛውን ጫፍ ብቻ ቆረጥ አድርጌ 150፣ 225 እና 300 ኸርዝ ላይ እጥፎች እንዲኖሩት አደረግሁ። ጆሮ እጥፎቹን ሲሰማ የሌለውን መነሻ ራሱ ይሞላዋል። ስልካችን ላይ ባስ ጊታር ሰማን የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥር 19

ችክችካ። መላው ፕሮጀክት የተጀመረው ለዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ዙሩ 12 እርምጃ ነው፤ አራት ምት፣ እያንዳንዱ በሦስት የተከፈለ። ሰፊው ፊት 1 እና 7 ላይ። ጠባቡ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 10፣ 12 ላይ። ጭብጨባ 4 እና 10 ላይ። ሁሉም ተደምሮ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያለ ይሄዳል። በደቂቃ 120 ምት ሲሆን አንድ እርምጃ 2,667 ናሙና ነው። ጊዜውን የምቆጥረው በናሙና ስለሆነ ዜማው ምንም ያህል ቢጨናነቅ ምቱ አይንሸራተትም፤ ፕሮግራሙን እያስቆሙ መጠበቅ ለብልጭ ድርግም መብራት ይበቃ ይሆናል፣ ለሙዚቃ ግን አይበቃም።

በወረቀት ሁሉም ትክክል ነው። ለአጎቴ በስልክ አሰማሁት።

«ልጄ፣ ይኼ ወታደር ሲሰለፍ ነው» አለኝና ሳቀ።

እውነቱን ነው። ስምንቱም የከበሮ ምቶች አንድ ዓይነት ኃይል፣ አንድ ዓይነት ርቀት ነበራቸው። ኃይሉን ማስተካከል ቀላል ነበር፦ 3፣ 6፣ 9 እና 12 ወደ 40 በመቶ ወረዱ፣ 1 ሙሉ ሆነ፣ 7 ከእሱ ትንሽ አነሰ። ወታደሩ መሣሪያውን አስቀመጠ፣ አረማመዱን ግን አልተወም።

ርቀቱ ነው ያስቸገረው። የራሴን ጭብጨባ ከማሽኑ ጋር ቀርጬ ሳስተያይ፣ እጄ አጭሩን ምት ከእርምጃው ትንሽ ቀደም አድርጎ እንደሚያሳርፈው አየሁ። ሁልጊዜም በእኩል መጠን አይደለም፤ ከ4 በፊት ያለው ይበልጥ ይቀድማል፣ ከ1 በፊት ያለው ሊዘገይም ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እርምጃ ከኃይሉ ሌላ የመዛነፍ ቁጥር ሰጠሁት፤ በናሙና፣ ሲቀንስ ቀደም፣ ሲደመር ዘግየት። 3 በ240 ናሙና፣ ማለትም በ15 ሚሊሰከንድ ይቀድማል። 9 በ160። 12 በ80 ይዘገያል። አሥር አሥራ አምስት ሚሊሰከንድ ለመጻፍ ትንሽ ነው፣ ለትከሻ ግን ትልቅ።

የገበያ ማሽኖች ይህን በአንድ ቁልፍ ሊሰጡ ይሞክራሉ፤ ሁለተኛውን ሁሉ በእኩል መጠን ያዘገያል። ለጃዝ የተፈጠረ ሐሳብ ነው፣ ለዚያም ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን ሁሉን በእኩል ማዛነፍ ያው ቀጥ ማድረግ ነው።

በማግስቱ እህቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ምንም ሳልናገር ከበሩ ሥር አስጀመርሁት። መክተፏን አላቆመችም፤ ቢላዋው ግን ምት ውስጥ ገባ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ተከተለ። ቁጥሮቹን እንዳሉ አስቀመጥኋቸው።

ጥር 27

ኃይልና ሳጥን። ፓወር ባንክ አይሆንም፦ ናኖና ማጉያው ድምፅ ሳይኖር የሚስቡት ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ ማንም የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል። አራት ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪ ድንጋዮች 4.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ ለቦርዱም፣ ፓም8403 ለሚባለው ትንሽ ማጉያም በቂ ነው። ሰፊው ፊት በተመታ ቁጥር ቮልቱ ይወርድና ዜማው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማጉያው አጠገብ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስቀመጥሁ፣ የማጉያውንም ሽቦዎች ከቦርዱ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው አመጣሁ። ተረጋጋ።

ሳጥኑ ከኮምፔንሳቶ ነው። ስፒከር እርቃኑን ሲጫወት ከፊቱ የሚወጣው ድምፅ ከኋላው ከሚወጣው ጋር ይጠፋፋል፤ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ወፍራሙ ድምፅ በግልጽ ይጨምራል። ልዩነቱን ለማመን አንድ ጊዜ መስማት ይበቃል።

የካቲት 4

ድምፁ ሲከስም ጅራቱ ላይ ይሻክራል። የስምንት ቢት ጣጣ ነው፤ 256 ደረጃ ለጮክ ያለ ድምፅ ይበቃል፣ ሊጠፋ ሲል ግን ሦስት አራት ደረጃ ብቻ ይቀራሉ። ለትዝታ ይህ አይሆንም፤ ድምፁ ቀስ ብሎ ሲርቅ ነው ውበቱ።

መፍትሔው ሁለት እግር ነው። አንዱ እግር ከባዱን ክፍል፣ ሌላው ቀላሉን ይልካል፤ በ3.9 ኪሎ ኦምና በ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች ይገናኛሉ። ሁለተኛው ሬዚስተር የመጀመሪያው 256 እጥፍ ያህል ስለሆነ የሁለተኛው እግር ድምፅ በዚያው ልክ ያንሳል፣ በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ለማግኘት የቺፑን ሰዓት ቆጣሪዎች ማለዋወጥ አስፈለገ፦ አንደኛው ወደ ድምፅ መውጫ፣ ሁለተኛው ወደ ናሙና መቁጠሪያ። ካፓሲተሩም 4.7 ናኖፋራድ ሆነ። በጆሮ ማዳመጫ ልዩነቱ ይገርማል፤ በትንሿ ስፒከር ግን እኔ ካልነገርሁ የሚያስተውል አልተገኘም።

የካቲት 11

አጎቴ እሑድ መጣ። ሳጥኑን አገላብጦ አየና የመጀመሪያው ጥያቄው ይህ ሆነ፦

«መቃኛው የት ነው?»

ኮምፒውተር ውስጥ ነው አልሁት። ፊቱን አይቼ ነገሩ እንደማያስኬድ ገባኝ። ክራር ተጫዋች በየዘፈኑ መካከል እጁን ወደ መቃኛው ይሰዳል፤ ትንሽ ያጠብቃል፣ ትንሽ ያላላል። ባለፈው ለአንቺ ሆዬ የወሰድሁለትን ቁጥር ራሱ ያን ቀን አልተቀበለውም፤ በሌላ ድምፅ፣ ለሌላ ዘፈን ነበር የቃኘው።

ስለዚህ መቃኛ ሠራሁለት። የቅኝቱን ቁልፍ ይዞ አንዱን የዜማ ቁልፍ ሲጫኑ፣ ፍጥነት የሚቆጣጠረው ተሽከርካሪ ቁልፍ ሥራውን ቀይሮ የዚያን ድምፅ ከፍታ ይይዛል፤ እስከ 60 ሴንት ወደ ላይ፣ እስከ 60 ወደ ታች። የመጀመሪያው ዶ ከሆነ የተያዘው ሁሉም አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ የክልሉም ስፋት ወደ አምስት ግማሽ ድምፅ ይጨምራል፤ ዘፋኙ ለጉሮሮው የሚመቸውን መነሻ እንዲይዝ። ቁልፉ ሲለቀቅ ቁጥሩ መብራት ቢጠፋም በማይጠፋው የቺፑ ማኅደር ይጻፋል። እዚያ 1,024 ባይት አለ፤ አምስቱ ቅኝቶች በእያንዳንዱ ድምፅ አራት ባይት ሆነው 100 ብቻ ይወስዳሉ። አንዱ ቦታ 100,000 ጊዜ ያህል መጻፍ ስለሚችል በእያንዳንዱ መዞር ሳይሆን ሲለቀቅ ብቻ እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ።

ዛሬ ሰጠሁት። ዶን በድምፁ ልክ አወረደ፣ ሁለተኛዋን አላላ፣ አራተኛዋን አጠበቀ፤ ማያ ሰሌዳ ስለሌላት ምን ያህል እንደሆነ እኔም አላየሁም፣ እሱም አልጠየቀም። ከዚያ ችክችካውን አስጀምሮ ክራሩን አነሣ። ጥቂት እንደተጫወተ በክርኑ ነካኝ፦ ከበሮው ክራሩን እየዋጠው ነው። ለከበሮ ብቻ የሚሆን የድምፅ መቀነሻ ያስፈልጋል። ኤ0 የሚባለው እግር ነጻ ነው፣ ሳጥኑም በቀኝ በኩል ለአንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ቦታ አለው።